መስኮቱን ያዘጋኝ የብርሃን ድሪቶ

ላስቲክ በካውያ ሲቀልጥ መጀመሪያ እንደ ከረሜላ ነው የሚሸተው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው እንዳይታለል ብዬ ነው። ጣፋጭ ይመስላል፤ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ይመራል፤ ደረት ከገባ በኋላ የሰነበተ የድስት ቅባት የተለጠፈበት ያህል ሆኖ ይቀራል። ዛሬም ቢሆን አንዲት ሴት አዲስ የጠረጴዛ ላስቲክ ዘርግታ ምሳ ስታቀርብልኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ፊቴን ወደ በሩ አዞራለሁ። ባለቤቴ አብርሃ «ምግቡን ንቃ እንዳይመስልሽ፣ ላስቲኩን ተጸይፋ ነው» እያለ ይቅርታ ይጠይቅልኛል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳንርቅ፣ ከአንድ ቪላ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ሰርቪስ ቤት ከአብርሃና ከሰባት ዓመቷ ልጃችን ከለተብርሃን ጋር እንኖር ነበር። አብርሃ እዚያው ማረፊያው ሻንጣ ያወርዳል፣ ይጭናል። አገራችን አዲግራት ነው። መንገዱ በጦርነቱ ስለተዘጋ እናቴን ካየኋት ብዙ ዓመት አልፎ ነበር፤ ደብዳቤ ከላኩ ደግሞ ይድረስ አይድረስ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

ቪላው ውስጥ የሚኖሩት ፈረንጆች ነበሩ። ባልየው የውሃ ጉድጓድ ባለሙያ ነው፤ ሚስትየው፣ ማዳም እያልን የምንጠራት፣ ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ትውላለች። እኔ ልብስ ልጠግንላት ገብቼ እጄን ስታይ ወደ ራሷ ስራ አስጠጋችኝ። የምትሰራውን በቋንቋዋ ኩዊልት ትለዋለች። ብርድ ልብስ መስሎኝ «ይህማ ብርድ አይከለክልም» ብላት በተሰባበረ አማርኛዋ «ለመስኮት! ለብርሃን!» አለችና ሳቀች።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ስስ ጨርቅ ይሰበሰባል፤ የራስ ሻሽ፣ የሙሽራ ፊት መሸፈኛ ቱል፣ አሳልፎ የሚያሳይ ሐር። ጨርቁ በቅርጽ ይቆረጥና በሁለት ስስ ጨርቅ መሃል ይደረደራል። በየመሃሉ የሸረሪት ድር የሚመስል፣ ከውጭ የሚመጣ ስስ ሙጫ ይገባል። ከላይ ወረቀት አልብሰው በካውያ ሲጫኑት ሙጫው ይቀልጥና ሁሉንም ያለ ክር ያጣብቃል። መስኮት ላይ ሲሰቀል ብርሃኑ በውስጡ ያልፋል። ሰማያዊና ቢጫ በተደራረቡበት ቦታ ማንም ያላስገባው አረንጓዴ ይወጣል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አማተብኩ። በልቤም የብርሃን ድሪቶ ብዬ ስም አወጣሁለት። ድሪቶ ስል እንዳትስቁብኝ፤ መነኩሴም የሚለብሰው ድሪቶ ነው።

ማዳም ለሁለት ዓመት አስተማረችኝ። የባሏ ስራ ሲያልቅ የኤሌክትሪክ ካውያዋን፣ አንድ ቅርጫት ቁርጥራጭ ጨርቅና ትንሽ ጥቅል ሙጫ ትታልኝ ሄደች።

እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ስለት ነበረብኝ። ከገርጂ ማሳ ወዲህ ባለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ «እመቤቴ ማርያም ሆይ፣ የእናቴን በሕይወት መኖር ካሰማሽኝ፣ ለሰንበቴ ቤትሽ መስኮት ብርሃን የሚያስገባ ስራ በእጄ ሰርቼ አመጣልሻለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። የሰንበቴ ቤቱ፣ ማኅበርተኛው ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጸዲቅ የሚቀምስበት አዳራሽ፣ መስታወት የለውም፤ የእንጨት መዝጊያ ብቻ ነው ያለው።

ማዳም በሄደች በወሩ አብርሃ ከስራ እየሮጠ መጣ። ከአስመራ በገባው አውሮፕላን የአገራችን ሰው ወርዶ አግኝቶት ኖሯል።

«እናትሽ አለች!» አለኝ ከበሩ።

«በማርያም በል!»

«በማርያም። ጥርሷ ረግፏል፣ ጠቧ ግን አልረገፈም ብሎኛል። ከጎረቤት ጋር በድንበር እየተካሰሰች ነው።»

እናቴ መሆኗን ያወቅኩት በክሱ ነው። አልቅሼ ስጨርስ ስለቴን አሰብኩ። እመቤቴ ድርሻዋን ፈጽማለች፤ ቀሪው የኔ ነው።

የአገሬን ተራሮች ለመስራት ወሰንኩ። የራቀው ተራራ አንድ ድርብ፣ የቀረበው ሁለት፣ እግሩ ሥር ያለው ሦስት ድርብ ጨርቅ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ቢጫ ሰማይ። የመጀመሪያውን ተራራ እንደጨረስኩ ሙጫው አለቀ። መርካቶ ዞርኩ፣ ፒያሳ ዞርኩ፤ ሳሙና እንኳ በቀበሌ ወረፋ በሚገኝበት ዘመን የሸረሪት ድር የሚመስል ሙጫ ብዬ ስጠይቅ ነጋዴዎቹ ከጸበል ያመለጥኩ ነው የመሰላቸው።

አንድ ቀን ትኩስ ድስት ሳላስበው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሳነሳው የጠረጴዛው ላስቲክ ቀልጦ ከስሩ ካለው ነጠላ ጋር አንድ ሆኗል። ብርሃን ላይ ባነሳው ያሳያል። እመቤቴ መንገድ ከፈተችልኝ ብዬ ተንበረከክኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሙጫው ፋንታ ላስቲክ እየቆረጥኩ በጨርቁ መሃል አስገባና እተኩስ ጀመር። ማዳም ያስተማረችኝ ነጩ ወረቀት ስላልነበረኝ ላስቲኩ ካውያው ላይ እንዳይጣበቅ የምጠቀመው ጋዜጣ ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። መጀመሪያ ምላሴ ላይ አንድ ጣዕም ተቀመጠ፤ ሳሙና የላሰ ሰው የሚሰማው ዓይነት። ዓይኔ ያለቅሳል፤ ዘይት ሲቁላላ ያቅለሸልሸኛል። ከዚያ ሳል መጣ፤ ከሳሉ ጋር ወፍራም፣ ልጋግ የሚመስል አክታ። ይህን መጻፍ ደስ አይልም፤ ለማንበብም ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ግን የገዛ አካሌን የተጸየፍኩበት ጊዜ ስለነበር ዘልዬ ብሄድ ውሸት ይሆንብኛል። አንዳንዴ ደረቴ ሲር ሲር እያለ ያፏጫል። ለተብርሃን «እማዬ፣ ሆድሽ ውስጥ ጫጩት አለ» ትለኝ ነበር።

በግቢያችን የሚኖሩ እትዬ ዘነበች የሚባሉ አዛውንት ሲያዩኝ ወዲያው በየኑ።

«ብርድ ነው! ከካውያ ሙቀት ላይ ንፋስ እያገኘሽ ምን ትጠብቂያለሽ? ዝጊው ይሄን መስኮት!»

«እትዬ፣ እኮ በትንሹ ነው የምከፍተው።»

«ትንሹ ነው ገዳዩ! ትልቁንማ ሰው ያየዋል።»

አገራችን ሁሉ የሚያውቀውን ነው የነገሩኝ። ተኩሰሽ አትውጪ፣ ላብ ይዞሽ መስኮት አጠገብ አትቀመጪ፣ ንፋስ ይመታሻል፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሰማሁት ነው። እኔ ደግሞ ጠንቃቃ ነኝ። መስኮቱን ዘጋሁ። የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፍኩ። እትዬ ዘነበች የዳማከሴ ጭማቂ አጠጡኝና ተሸፋፍኜ መተኮሴን ቀጠልኩ። ባሰብኝ። በባሰብኝ ቁጥር ሌላ ስንጥቅ ፈልጌ እወትፋለሁ። የፈተና ሰይጣን ስለቴን ሊያስተጓጉል ተነስቷል ብዬ ካውያውን አጠብቅበት ነበር።

ጤና ጣቢያ የሄድኩት አብርሃ አስገድዶኝ ነው። ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ፣ ማቅለሽለሼን ሰምቶ ቀና ሳይል «እርጉዝ ነሽ» አለኝ።

«አይደለሁም።»

«እናንተ መቼ ታውቃላችሁ?»

እርጉዝ አለመሆኔ ሲታወቅ አሜባ ነው ተባለ። የሰጠኝ ኪኒን አፌን የዛገ ቁልፍ የመጠጠ አስመሰለው፤ በላስቲኩ ጣዕም ላይ ሲደረብ ጸሎት ላይ እንኳ አፌን መክፈት ቀፈፈኝ። በአሜባው መድኃኒትም ሳይሻለኝ ሲቀር፣ ክብደቴም እየቀነሰ ሲሄድ፣ ድሬሰሩ ድምጹን ዝቅ አድርጎ «ለሳንባ ነቀርሳ ትመርመር» ብሎ ለሆስፒታል ጻፈልኝ።

ሳንባ ነቀርሳ። ያን ቀን በእግሬ ስመለስ ሰማይ አላየሁም። ቤት ስደርስ አብርሃ ወረቀቱን አነበበው። ማታ ውሃ ስጠጣበት የነበረውን ቀይ ሲኒ አጥቦ ለብቻው፣ ከመደርደሪያው ጥግ አስቀመጠው። ለተብርሃንን እትዬ ዘነበች ቤት አሳደራት። ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን አደርገዋለሁ። ያ ለብቻው የተቀመጠ ሲኒ ግን ከሳሉ ይልቅ ደረቴን ወጋኝ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያለውን መጠበቂያ አዳራሽ ልግለጸው ወይስ ልተወው? ወለሉ በበረኪና ይታጠባል፤ የሚታጠበው ግን ትናንት በታጠበበት በዚያው ጨርቅ ነው። በየአግዳሚው ሥር አክታ የሚተፋበት ቆርቆሮ አለ፤ ክዳን የለውም፤ ዝንብ አለበት። ሦስት ቀን ተመላልሼ አክታዬን በብልቃጥ አስገባሁ፤ ብልቃጡን ስሰጥ ተቀባይዋ በጋዜጣ ጫፍ ነው የምትይዘው። በሳልኩ ቁጥር አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ወደ ወዲያ ይንፏቀቃል። በመጨረሻ ለአምስት ሰው በሚሆን ቦታ ላይ ብቻዬን ቀረሁ።

ያን ጊዜ አንዲት ሻርፕ የተከናነበች የወሎ ሴት መጥታ ልክ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ይይዝሻል፤ ራቅ በይ» አልኳት።

«የሚይዘኝማ ይዞኛል፣ ስኳር ነው ያለብኝ» አለች። ከብብቷ ሎሚ አውጥታ በጥፍሯ ፋቀችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። «አሽትቺው። አብሽሪ፣ ይህ ሁሉ ያልፋል።»

በሁለት ወር ውስጥ አፍንጫዬ ያገኘው የመጀመሪያው ጥሩ ሽታ ያ ነበር። ስሟን ሳልጠይቃት ቁጥሯ ተጠራ። ሎሚው እስኪደርቅ ድረስ በኪሴ ያዝኩት።

የአክታው ውጤት ንጹህ ሆነ። ራጁም ንጹህ ነው። ደስታዬ ግን አንድ ቀን አልሞላም፤ ነቀርሳ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? ሽማግሌ ሐኪም ዘንድ መሩኝ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነው፤ ወረቀቴን አልነኩም፤ እኔን ነው ያዩኝ።

«ሁልጊዜ ነው የሚያፍንሽ፣ ልጄ?»

«የለም፣ ዶክተር። በበዓል ይተወኛል።»

«በየትኛው በዓል?»

«በእሁድ። በአሥራ ሁለት በሚካኤል። በሃያ አንድ በማርያም። በሃያ ሰባትና በሃያ ዘጠኝም ደህና ነኝ። ታምሬ እንኳ ቅዱሳኑ አልተለዩኝም።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «በአሥራ ዘጠኝ በገብርኤልስ?»

«እሱን አላከብርም። እታመማለሁ።»

«በሃያ ሦስት በጊዮርጊስ?»

«በጊዮርጊስ በጣም ነው ያመመኝ።»

«እኔ ደግሞ የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ ነኝ» አሉ። «እሱም ሆነ ገብርኤል የተቀየሙሽ አይመስለኝም። እስኪ ንገሪኝ፤ በጊዮርጊስ ዕለት የምትሰሪው፣ በማርያም ዕለት የማትሰሪው ምንድን ነው?»

ድሪቶዬን፣ ካውያዬን፣ ላስቲኩን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና «ስትተኩሺ መስኮት ትከፍቻለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ኧረ በጭራሽ!» አልኳቸው፣ በኩራት። «ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወትፌዋለሁ።»

ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ሲያነሱት እየሳቁ ነው ወይስ እያዘኑ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ያስረዱኝን ለእናንተም ላስረዳ። ያ የጠረጴዛ ላስቲክ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጢስ አሲድ አለበት። ትንፋሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን የሳንባ ቧንቧዎች ያስቆጣቸዋል፤ ያብጣሉ፣ ይጠባሉ፣ አክታ ያመርታሉ። ይህ አስም ይባላል። ያ ፉጨት በጠበበ ቧንቧ የሚያልፍ አየር ነው። ማቅለሽለሹም ከዚያው ጢስ የመጣ ነው። እኔ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ራሴን ሳጥን ኖሬያለሁ። ባዕድ ሰው አላደረገብኝም፤ ጥንቃቄዬ ነው።

እንክብል አዘዙልኝና «ካውያና ላስቲክ ዳግመኛ አንድ ላይ አይዋሉ። መስኮቱ ይከፈት። ይህን ካላደረግሽ መድኃኒቱን አትድከሚበት» አሉኝ።

«ዶክተር፣ የማርያም ስለት እኮ ነው። ሁለት ተራራ ነው የቀረኝ።»

«ስለቱን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ሦስተኛው ተራራ ላይ ሳትደርሺ ትንፋሽሽ እንደሚያልቅ ግን እኔ እነግርሻለሁ።»

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት መስኮቱን መክፈት ነበር። ያኔ ነው ስራዬን በንጹህ ብርሃንና በንጹህ አየር ያየሁት። ላስቲኩ እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። በጀመርኩት ሁለተኛ ተራራ ወገብ ላይ አንድ ዝንብ ከነክንፉ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ራቅ ብሎ የራሴ ጸጉር። ከማዳም ሙጫ የተሰራው የመጀመሪያው ተራራ ብቻ ነበር እንደ ትናንት ጥርት ያለው። ሌላው ሲነካ እጅ ላይ ይጣበቃል። ይህን ልሰጥ ነበር። ለእመቤቴ።

ሆኖም የሰው ቃል ሳልሰማ ስለት ማጠፍ ፈራሁና ጠቅልዬ ለንስሐ አባቴ ይዤ ሄድኩ። ከሰንበቴ ቤቱ ደጃፍ ዘረጋሁላቸው። መጀመሪያ አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ያዙ።

«ልጄ፣ ምን ሞቶ ነው?»

ከዚያ እኔ በአንድ በኩል ይዤ፣ እሳቸው በሌላ በኩል ሆነው ወደ ፀሐይ አነሳነው። ዓይናቸውን አጠበቡ። «ፊደል አለበት» አሉ። እኔ በበኩሌ የጋዜጣው ቀለም እድፍ ብቻ ነበር የሚመስለኝ፤ ለካ ላስቲኩ የጋዜጣውን ጽሑፍ ገልብጦ ወስዶ ኖሯል። ለእኔ የተገለበጠው ለእሳቸው በጨርቁ ውስጥ አልፎ ቀጥ ብሎ ይነበባል።

«ወ... ደ... ፊት» ብለው አነበቡ፤ ከሰማዩ መሃል። «ወደፊት! አምራች... ኃይሎች...» የመንግሥት መፈክር መሆኑ ሲገባቸው ድንገት ቆሙና ሰው እንዳይሰማ ወደ መንገዱ አዩ። «እጠፊው። ቶሎ እጠፊው፣ ልጄ።»

አጠፍኩት። አለቀስኩ። ሳለቅስ ሳሉ ተነሳና እዚያው አጎነበስኩ። እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ።

«ስትሳዪ ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው? ቃሉን ንገሪኝ።»

«ብርሃን የሚያስገባ ስራ በእጄ ሰርቼ አመጣለሁ ብዬ።»

«በእጄ ብለሻል። ካውያ መቼ ተሳልሽ? ላስቲክስ መቼ ተሳልሽ?» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ። «እመቤታችን የምትፈልገው ስራሽን ነው፤ ሳንባሽን አልጠየቀችሽም። ሂጂ፣ ስፊ።»

ያን ላስቲክ አላቃጠልኩትም፤ ጢሱ ይበቃኛል። የማዳምን ተራራ ቆርጬ አስቀረሁና የቀረውን ለቆሻሻ ጉድጓድ ሰጠሁት። እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

አዲሱን በክር ብቻ ሰፋሁት፤ የነጠላ ጥለት የሚሰፉበት ቀጭን ክር። ስስ ጨርቅ በእጅ መስፋት ምን እንደሚመስል የሞከረች ታውቃለች፤ ይንሸራተታል፣ ይቀደዳል፣ ይሸበሸባል። በቀን ሦስት ጣት የማይሞላ እየሰራሁ ከክረምት እስከ ጥር ወሰደብኝ። መስኮቱ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ውጭ የገርጂ ከብቶች ይታዩኛል። እትዬ ዘነበች በየቀኑ ይመጣሉ፤ እየተቀመጡ እግረ መንገዳቸውን መስኮቱን ይዘጋሉ። እኔ ተነስቼ እከፍታለሁ። ይዘጋሉ፣ እከፍታለሁ።

«እኔን ልትገድይኝ ነው!» ይሉኛል።

«እትዬ፣ እዚያኛው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ንፋሱ አይደርስብዎትም።»

«ንፋስ ወንበር ይመርጣል?» እያሉ ቦታ ይቀይራሉ።

ሳሉ በአንድ ጊዜ አልተወኝም። በጊዮርጊስም በገብርኤልም እየቀነሰ ሄደ፤ ዓርብና ቅዳሜን ከእሁድ መለየት ያቃተኝ ቀን ሐኪሙን አስታወስኩ። የለተብርሃን ጫጩት ጠፋች፤ ልጄም ወደ አልጋዋ ተመለሰች። አንድ ጠዋት አብርሃ ለስራ ሊወጣ ሲል ቀዩን ሲኒ ከመደርደሪያው ጥግ አነሳው። እኔ ጠጥቼ የተረፈውን ሻይ እያየሁት ጠጣውና ሲኒውን ከሌሎቹ ጋር ደባለቀው። «ቀዝቅዟል» ብቻ ነው ያለኝ። በቂዬ ነው።

በጥር የሰንበቴ ተራ ቀን ድሪቶውን ሰቀልነው። መዝጊያው ሲከፈት ሦስቱ ተራሮች በሩ፤ ሰማያዊው በቢጫው ላይ ሲያርፍ ማንም ያላስገባው አረንጓዴ በእንጀራው መሶብ ላይ ወረደ። ማኅበርተኛው ከመሶቡ ቀና ብሎ አየ። የማዳም ተራራ የትኛው እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ይህ ብዙ አልቆየም። ከኋላ ልጅ ያዘለች ሴት «ኧረ ንፋስ ገባ፣ ሕፃን አለ፣ ዝጉት» አለች። ሌሎችም «ዝጉት፣ ዝጉት» አሉ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ መዝጊያው ተነሱ።

እኔ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ድምጼን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሴት ነኝ። ያን ዕለት ግን ሳልሳል፣ ትንፋሽ ሳያጥረኝ፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማኝ ድረስ «አይዘጋም!» አልኩ።

ሽማግሌው ቆሙ። የንስሐ አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁላቸው፤ ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። እናትየው ልጇን ይዛ ወደ እኔ ጥግ መጣች፤ ቦታ ለቀቅኩላት። ተራሮቹ በንፋሱ ወደ ውስጥ ተነፉ፣ ተመለሱ፤ ደግመው ተነፉ።